ሰይድ ያቆየልሽ ጆንያ

ዝናሽዬ፣ የቤቴ ባለቤት፣

ለሰው ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤንነት ይጠየቃል። አንቺን እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቅ ግን ራሴን ይገርመኛል። ያለሽበት ቦታ ሕመም የለም፣ ኀዘን የለም እያልኩ በስንቱ ሰው ቀብር ላይ ቆሜ ያዜምኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ተራው የኔ ሲሆን ልመነው እንጂ። ስለዚህ ያንቺን ለፈጣሪ ትቼ የኛን ልንገርሽ። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን ካወጣን ወዲህ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ይኸው ደግሞ ተዘርቷል።

ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። በረዶ የበሳውን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ። በር ላይ የተከልሽው ጌሾ የሚቆርጠው አጥቶ ቤቱን ሊውጠው ደርሷል። የማስተማሪያ ነጭ ጋውንሽ እዚያው ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። እህቴ ጥሩዬ ለድሃ ስጠው ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ ግን አልሰጠሁም። ሲመሽም ሲነጋም እዚያው ሳየው ደስ ይለኛል፤ ይህን ለማን እነግራለሁ፣ ላንቺ እንጂ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ስለ ማኅሌት ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዘሽ ያልሽኝን መቼም አልረሳሽውም። ልጄ ፊዚክሷን እንዳትተው፣ እኔ የጀመርኩላትን አንተ አስጨርሳት አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለታመመ ሰው እምቢ አይባልም፤ ደግሞም ያኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የኔ ድርሻ በጠዋት ቀስቅሶ መላክ ነው አልኩ። ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አስተማሪዎቹ ወደየአገራቸው ገቡ። ልጅሽ ዐሥረኛ ክፍልን ሳትጨርስ ደብተሯን አቅፋ ቤት ቁጭ አለች።

የደረሰች ልጅ ቤት ስትቀመጥ ምን እንደሚከተል ላንቺ አይነገርም። በጥምቀት ማግስት ሽማግሌ መጣ። ያመጣችውም ጥሩዬ ናት። ክፋት የላትም፣ ታውቂያታለሽ፤ የወንድሟ ቤት ሰው እንዲሞላ ትፈልጋለች። ልጁ የደህና ሰው ልጅ ነው፣ ወገዳ ላይ ሱቅ አለው፣ ትምህርቱ እንደሆነ ሞቷል፣ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ሽማግሌዎቹን አክብሬ አስቀመጥኩና ልጄ ትምህርት ላይ ናት አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። የቱ ትምህርት እንዳይሉኝ ይሉኝታ ያዛቸው። ከፋሲካ በኋላ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ማኅሌት ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ የተፈለጠውን እንጨት መልሳ ፈለጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊዚክስ መጽሐፍ ፈላጊ ሆንኩልሽ። እኔ፣ ከቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ አስመስክሬ የወጣሁት፣ አንቺ የኔታ እያልሽ የምታሾፊብኝ ሰው። በኛ ትምህርት መምህር ሲፈለግ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከማን ተማረ፣ ማን ፊት አስመሰከረ ይባላል። ደብረ ታቦር ወርጄ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚያዞሩትን ይህን የጻፈው ሰው ከማን ተማረ እያልኩ ስጠይቅ አንዱ ለሌላው ጠቆመኝና ሳቁ። ይሳቁ አልኩ። በመጨረሻ፣ መጽሐፍ ሲወፍር ዕውቀቱም ይወፍራል ብዬ ከሁሉ ወፍራሙን መርጬ፣ ከመኪናው ወርጄ እስከ ቤት ድረስ በትከሻዬ ተሸክሜ አመጣሁት።

ማኅሌት ሁለት ገጽ አንብባ ከደነችው። አባዬ፣ ይኸ የተጻፈው ለሚያውቅ ሰው ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ገና ሀ ግዕዝ ለሚል ሕፃን ድጓ አንሥቼ እንደ መስጠት ነበር። አሁን የዱቄቱን እንስራ ከድኗል፤ ባያስተምር አይጥ ይከላከላል።

የመማሪያ መጽሐፍሽስ አለ። እሱ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉም ያምራል። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ያንቺም አፍ የለበትም። መጽሐፉ የሚለውን ወደኛ ቤት አማርኛ ታመጪው የነበርሽ አንቺ ነሽ፤ በሬው ሞፈር ሲስብ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ እያሳየሽ። እኔ ሳነበው እንደ ገደል ማሚቶ ቃሉን ብቻ ነው የምመልሰው።

የባሰ ይመጣል ስል የተሻለ መጣ። የጥሩዬ ልጅ አንዱዓለም ከባሕር ዳር ሲመጣ ከኢንተርኔት ያወረደውን ትምህርት በሚሞሪ ካርድ ሞልቶ ሰጠኝ፤ እዚህ ኔትወርክ ብርቅ መሆኑን ያውቃል። እናት ልጄን ልትድር ስትሮጥ ልጇ ልጄን ሊያስተምር ይሮጣል። እኔም ስልኬን ይዤ አንድ በአንድ መረመርኩት። አብዛኛው አይሆንም። አንዱ ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ይናገራል። አንዱ ከትምህርቱ ይልቅ ስለ ራሱ ያወራል። አንደኛው ግን ስሙን አይናገር፣ ፊቱን አያሳይ፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እጆቹ ብቻ ይታያሉ። በአማርኛ ቀስ ብሎ ከባትሪ ድንጋይ ይጀምራል፤ ከሽቦ ወደ አምፖል፣ ከአምፖል የኤሌክትሪኩን ጉልበት ወደሚቀንሰው ሬዚስተር ይሄዳል። በየመካከሉም «አሁን አቁሙትና ራሳችሁ ሞክሩ» ይላል። መምህር ማለት ይኸ ነው አልኩ። ከማን እንደተማረ ባላውቅም ከሰው መማሩ ያስታውቃል።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ እንዳትስቂ። እኔ የማውቀው ትምህርት መጀመሪያ በቃል ነው፣ ትርጓሜው በኋላ ይመጣል። ዳዊትን በቃሌ ስይዝ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ ዓመታት ቆይቶ ነው የገባኝ። ማኅሌትንም በዚሁ ወንበር አስቀመጥኳት። የሰውየውን ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ አስያዝኳት። ሬዚስተሩ ላይ ቁጥር የሚያመለክቱትን ቀለማት በውርድ ንባብ፣ ልጆች ዳዊት በሚማሩበት ዜማ፣ አወጣሁላት፤ ጥቁር ዜሮ፣ ቡኒ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካን ሦስት እያልን፣ በቢጫና በአረንጓዴ ሽቅብ ወጥተን ነጭ ዘጠኝ ላይ እናርፋለን። ቤተ ክርስቲያን የማስተምራቸው የኔ ተማሪዎች ሳይቀሩ ለመዱት። እንዲያውም «አሁን አቁሙትና ራሳችሁ ሞክሩ» የሚለውን ከነድምፁ አወጣጥ አጠናነው። መሞከሩ ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለን።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ጥሩዬንና ሁለት ጎረቤቶች ጠርቼ ላስመሰክራት ተነሣሁ። የልቤን ልንገርሽ፣ ትምህርቱ አለመሞቱን ጥሩዬ ሰምታ ለሽማግሌዎቹ እንድትነግር ነው። ማኅሌት ቆማ በቃሏ ተወጣችው። አልተደናቀፈችም፣ አልዘለለችም። ቮልቴጅ ማለት፣ ከረንት ማለት፣ ሬዚስታንስ ማለት እያለች ስታወርደው ደረቴ ተነፋ። ስትጨርስ ጥሩዬ እስቲ አንድ ነገር አብሪልን አለች። በተንኮል አልመሰለኝም፤ የበራ ነገር ማየት ፈልጋ ነው።

ከጠመኔ ሣጥንሽ ውስጥ ያቺ ትንሿ ቀይ መብራትሽ፣ ኤልኢዲ የምትያት፣ አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር። ማኅሌት እሷን አወጣች። አራት ማዕዘኑን ባለ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ አመጣችና የመብራቷን ሁለት እግሮች በቀጥታ አስነካችበት። ብልጭ አለችና ጠፋች። እንደገና አስነካቻት፤ የለችም። ሬዚስተር ሳይኖር እንዲህ አይደረግም የሚለውን ከሩብ ሰዓት በፊት በዜማ ነግራናለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ነው የሆነው። ጎረቤቶቹ አይዞሽ አሉና ሄዱ። ጥሩዬም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ማኅሌት ጓዳ ገባች። ስከተላት የሞተችዋን መብራት በመዳፏ ይዛ ተቀምጣለች። የእናቴን የመጨረሻዋን አጠፋሁባት አለችኝ። ቀጥላም፣ አባዬ ዳረኝ፣ ይቅር አለችኝ። ዝናሽዬ፣ በቀብርሽ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩት። የገባሁልሽ ቃል ከእጄ ሾልኮ ሲወድቅ በዓይኔ አየሁት።

ማልቀስ ያደክማል፤ ሲደክመኝ አንቺን ማሰብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የተያየንበት ቀን መጣብኝ። ትምህርት ቤቱ ጸሎት እንዳደርስ ጠርቶኝ በክፍልሽ በር ሳልፍ ጫጫታው ገበያ ነበር። ተማሪዎቹ ሽቦ ይጎትታሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንቺም መካከላቸው ጋውንሽን ለብሰሽ ትስቂያለሽ። በሩ ላይ ቆሜ ይኸም ትምህርት ነው፣ እዚህ ምንም አይማሩም ይባላል አልኩ። ዞር ብለሽ፣ የኔታ፣ አይተው ነው ወይስ ሰምተው አልሽኝ። ያኔ አንቱ ትይኝ ነበር። አስገባሽኝና ሁለት ሽቦ አስያዝሽኝ፤ አነካክቼው አምፖሉ ሲበራ አማተብኩ፣ ተማሪዎችሽም በሳቅ ሞቱ። ከተጋባን በኋላ ደግሞ ያችው ጥያቄ የቤታችን ሕግ ሆነች። እገሌና እገሊት ተጣሉ ብል፣ በሶ ረከሰ ብል፣ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ ትይኛለሽ። ስንቴ ወሬዬን አበላሽተሽብኛል።

ያን አስቤ አስቤ ገባኝ። እኔ ልጅሽን ያስተማርኳት መስማት ነው። አንቺ የጀመርሽላት ማየት ነበር። በቃል መያዙ ጥፋት የለውም፤ ጥፋቱ እጇ ባዶ መሆኑ ነው። የሚነካ ነገር ያስፈልጋታል፤ የሚሰበር፣ የሚቃጠል፣ ደግሞ የሚሠራ። ከየት ይመጣል የሚለውን ግን አላውቅም።

በሚቀጥለው አርብ ወደ አርብ ገበያ ወረድኩ። ሬዲዮና የፀሐይ መብራት የሚሸጠውን ሰይድን ታውቂዋለሽ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ እንደምታውቂው የማላውቅ። ሱቁ ገብቼ፣ ያረጀ ሬዲዮ፣ የተሰበረ ፋኖስ፣ ከመጣል የምታድነው ነገር ካለህ ለልጄ ትምህርት ፈልጌ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። መሪጌታ፣ የዝናሽ ባለቤት አይደሉም ወይ አለኝ። ነኝ አልኩ። ነፍሷን ይማር፣ እርስዎንም ያጽናዎ አለና ወደ ጓሮ ገብቶ ቆየ። ሲመለስ አንድ ሙሉ ጆንያ መሬት ለመሬት እየጎተተ ነው።

በየወሩ እየመጣሽ የተበላሸውን ሁሉ ለተማሪዎችሽ ትወስጂ ነበር ለካ። እኔ አርብ አርብ ስትወርጂ ጨው ልትገዢ ነበር የሚመስለኝ። ሰይድ እንዲህ ነው ያለኝ፤ ስትታመም፣ ሲሻላት መጥታ ትወስደዋለች ብዬ ማስቀመጡን ቀጠልኩ፤ መሞቷን ከሰማሁ በኋላም እጄ ለመደና የተሰበረ ሲገኝ እዚያው ጆንያ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ልጥለው ብዬ አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ የእሷ ድርሻ ነው፣ ይውሰዱት አለኝ። ከኛ ቤት ውጭም የሚጠብቅሽ ሰው ነበረ። ትከሻውን ይዤው ቆምኩ።

ጆንያውን ተሸክሜ አቀበቱን ስወጣ ያገኘኝ ሁሉ ምን ጤፍ ገዝተህ ነው ይለኛል። ፊዚክስ ነው እላለሁ። አንዷ ሴትዮ ስንት ገባ ብላ ጠየቀችኝ።

ማኅሌት ጆንያውን መደቡ ላይ ስትዘረግፈው ዓይኗ ላይ ሕይወት ሲመለስ አየሁ። ሆድ ዕቃው የወጣ ሬዲዮ፣ የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ከቴፕ የወጣ ሞተር፣ ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅል፣ ትናንሽ አምፖሎች። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብለን የስልኩን ሰውዬ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀመርነው። አሁን አቁሙት ሲል አቆምነው። ሞክሩ ሲል ሞከርን። ሁለት ቀን ምንም አልበራም። በሦስተኛው ቀን ምስማር በፍም አግላ፣ የሬዲዮውን የብየዳ እርሳስ እያቀለጠች ሬዚስተሮቹን ነቃቅላ ደረደረቻቸው። ከመካከላቸው የሚሆነውን ለመፈለግ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ፤ እያዜመች ቀለማቱን አነበበች። ብርቱካን ሦስት፣ ብርቱካን ሦስት፣ ቡኒ አንድ፤ የመጨረሻው ቀለም የዜሮ ቁጥር ነውና ሦስት መቶ ሠላሳ። ከዘጠኙ ቮልት ቀይዋ መብራት ሁለቱ ይበቃታል፣ ሰባቱን ይኸ ይሸከምላታል አለችኝ። ያን ቃል በዜማ ስትለው ከርማለች፤ ያን ቀን ግን እንደ ሰው ነገረችኝ።

ከአንድ ሬዲዮ ፊት ላይ የነቀለቻትን ቀይ መብራት አሰረችበት። በራች። ጠፋች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠፋችም። ማኅሌት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከቀብርሽ ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። እኔም እንደ ድሮው አማተብኩ። ዜማዬም ዋጋ ቢስ አለመሆኑን ግን መዝግቢልኝ፤ አንቺ ፊት መቼም ተሸንፌ አላውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት ተመለሱ። ጥሩዬም አብራ መጣች። በዚህ ጊዜ ይሉኝታው ቀርቷል፤ ልጅህ የምትማረው የት ነው አሉኝ። እዚሁ ቤቴ አልኳቸው። ማን ያስተምራታል አሉ። እናቷ አልኩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሀዘኑ ገና አልወጣለትም ብሎ በሹክሹክታ ሲናገር ሰማሁት። አልተቆጣሁም። ያልኩት እውነት ስለሆነ ማስረዳቱም አላስፈለገኝም። አክብሬ መርቄ ሸኘኋቸው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ጥሩዬ አንድ ወር አኮረፈችኝ። ከዚያ የማይበራ ፋኖሷን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ማኅሌት ፈታታችው፣ ግን ልትሠራው አልቻለችም፤ እስካሁን መደቡ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ጥሩዬ በየሳምንቱ እንደ ታማሚ ትጠይቀዋለች።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኗል ብዬ አልዋሽሽም። ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። ማኅሌት አንዳንድ ቀን ሽቦውን ገፍታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔም በጋውንሽ አጠገብ ሳልፍ እጅጌውን ይዤ የምቆምበት ቀን አለ። ግን የጀመርሽው አልቆመም። ከዚህ ሰፈር ሁለት እኩዮቿ ሲመሽ መንገዱ ስለሚያሰጋ በጠራራው እየመጡ ከእሷ ጋር መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቤታችን ያንን የክፍልሽን ጫጫታ ይዟል።

እኔም ተማሪ ሆኛለሁ። ባለፈው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጎን ለጎን ቢታሰር አምፖሉ እጥፍ ይበራል ብዬ በሙሉ አፌ ተናገርኩ። ማኅሌት ከሥራዋ ቀና አላለችም። አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ አለችኝ።

ልጅቱ ይህን ማለቷን እንኳ አላወቀችውም። እኔ ግን ወደ መደቡ ጠጋ አልኩ። ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አሰርኩ፤ አምፖሉ እንደነበረው ነው፣ አልጨመረም። አንዱን ከአንዱ ኋላ ስደረድረው ነው ብርሃኑ የጨመረው። ከገዛ ልጄ ተማርኩ፤ እሷም ከአንቺ።

ስለዚህ ቃሌን ልስጥሽና ላብቃ። ስምሽን በቅዳሴ ማስጠራቴ የማይቀር ነው፤ ይህን ቃል አልለውም፣ ግዴታዬ ነው። ቃሌ ሌላ ነው። በየወሩ አርብ ገበያ ስወርድ ሰይድ ዘንድ ገብቼ ድርሻሽን እቀበልልሻለሁ። ጋውንሽን ለማንም አልሰጥም፤ ማኅሌት ልክ ሲሆናት ታወርደዋለች። በሞቴም ቀን ቢሆን፣ ስለ አንቺ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ያቺ ጥያቄ ያንቺ መሆኗን እናገራለሁ።

ልጅሽ ደህና ናት፣ ዝናሽዬ። ሰምቼ አይደለም፤ አይቼ ነው።

ያንቺው የኔታ